ሐረጎን የሚወጣ መኪና፦ አሮጌዋን ቮልስ በምን እንተካት?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ኮምቦልቻ የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን ባለፈው ክረምት ያቀረቡልን ጥያቄ ነው። እኚህ ሰው ለብዙ ዓመታት የነዷትንና ሰማያዊ ቀለሟን በየጊዜው እያሳደሱ የጠበቋትን ቮልስዋገን በሌላ መኪና ለመተካት አስበዋል። ያጠራቀሙት ገንዘብ ውስን ነው። «እናንተ ፊዚክስ ታስተምራላችሁ፤ እንደ እሷ መንዳቷ የሚያስደስት፣ ሐረጎ ላይ ግን የማትከዳኝ መኪና የትኛዋ ናት?» አሉን። እንዲህ ለማለት ምክንያት ነበራቸው። ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ የፍሬኑ ፔዳል ድንገት እስከ ወለሉ ሰመጠባቸው። በዝቅተኛ ማርሽና በእጅ ፍሬን ታግለው፣ መኪናዋን ከተራራው ጥግ አስደግፈው አቆሟት። ሰው አልተጎዳም።

እኛም መልሱን ከመኪና መሸጫ ሳይሆን ከመንገዱ ለመጀመር ወሰንን። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ በግምት 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የ650 ሜትር ልዩነት በዚህች አጭር መንገድ ላይ ይከፈላል ማለት ነው፤ ሲወጡ በቤንዚን፣ ሲወርዱ በፍሬን።

ቮልስ የስፖርት መኪና ናትን?

ቮልስን ከስፖርት መኪኖች ተርታ ስናስገባት ተማሪዎቻችን ይስቃሉ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ የወጣችው ባለ 1300 ሞተሯ እንኳ ያላት 40 የፈረስ ጉልበት ነው። ይሁን እንጂ ንድፏን ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሼ ነው፤ በ1948 የተወለደችው የመጀመሪያዋ የፖርሼ ስፖርት መኪና፣ 356፣ ብዙ ክፍሎቿን የወሰደችው ከቮልስ ነው። በጭቃና በዳገት የታወቀውን የምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ውድድርም ቮልስ በ1954፣ በ1957ና በ1962 አሸንፋለች። በኋላ ዘውዱን የነጠቀቻት ፔዦ 404 ናት፤ እርሷም በአገራችን ጎዳናዎች እንግዳ አልነበረችም።

ምሥጢሩ ምንድን ነው? ክብደቷ ነው። (የፊዚክስ መምህር «መጠነ ቁስ» ማለት ይገባዋል፤ ዛሬ ግን እንደ ጋራዥ ሰዎች ክብደት እንበለው።) ባለ 1300ዋ ቮልስ 820 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች። አንድ መኪና ለነጂው እጅና እግር ፈጥኖ የሚታዘዘው ሞተሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ያ ሞተር የሚጎትተው ሸክም አነስተኛ ስለሆነም ጭምር ነው። እንግዲህ ወዳጃችን «ያስደስታል» የሚሉትን ስሜት በቁጥር እንግለጸው ብንል፣ የመጀመሪያው መለኪያ በአንድ ቶን ክብደት የሚደርሰው የፈረስ ጉልበት ነው። ለቮልስ 49 ይሆናል።

ይህ ቁጥር ግን የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። ሞተር ቤንዚንን የሚያቃጥለው ከአየር በሚያገኘው ኦክስጅን ሲሆን፣ በደሴ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፒስቶኑ በየዙሩ የሚስበው አየር በይዘት አልተለወጠም፤ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ከአንድ አምስተኛ በላይ ቀንሷል። ካርቡራቶር ደግሞ ይህን በቅጡ ስለማያውቅ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ያፈስሳል፤ የሻማው ጥቀርሻና የማርሚታው ጥቁር ጢስ ከዚህም ይመጣል። ዘመናዊ የቤንዚን መርጫ መጠኑን ያስተካክላል፤ የጎደለውን ኦክስጅን ግን ሊመልስ አይችልም። አየሩን አስቀድሞ አጭቆ የሚያስገባው ቱርቦ ብቻ ጉድለቱን በከፊል ይሞላል። ስለዚህ የቮልስ 49 ደሴ ሲደርስ 38 ይሆናል።

ዳገቱ ምን ያህል ይጠይቃል? አራቱን የቤተሰብ አባላት የያዘችው ቮልስ 1,000 ኪሎ ግራም ትሆናለች እንበል። 8 በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለመውጣት፣ የስበትን፣ የጎማንና የነፋስን ተቃውሞ ደምረን 14 ኪሎዋት ወይም 19 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያስፈልጋታል። በዚያ ከፍታ ጎማው ዘንድ የሚደርሰው ከ30 በታች ነው። ፊት ለፊቷ የሚያቃስተውን አይሱዙ ለማለፍ የሚተርፋት እንግዲህ 10 ያህል ነው፤ ያውም ሞተሩ እስከ ጣሪያው ከተሽከረከረ። ወዳጃችን «ሐረጎ ላይ ትዕግሥት ተምሬአለሁ» የሚሉት ስለዚህ ነው።

የከፍታው ዋጋም እንዲህ ይሰላል። 1,000 ኪሎ ግራምን 650 ሜትር ለማንሳት 6.4 ሜጋጁል ኢነርጂ ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋጁል ገደማ ይዟል፤ አሮጌ ሞተር ከዚህ ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው አንድ አምስተኛውን ቢሆን ነው። የቀረው በሙቀት መልክ ይባክናል። ስለዚህ ደሴ ለመድረስ ከመንገዱ ፍጆታ ሌላ፣ ለከፍታው ብቻ አንድ ሊትር ይከፈላል።

ያ የሰመጠው ፔዳል

ለዳገቱ የተከፈለው ኢነርጂ ቁልቁለቱ ላይ ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን ወደ ቤንዚን ጋን አይደለም። ከ500 ሜትር ከፍታ በፍሬን ብቻ እንወርዳለን ብንል፣ 4.9 ሜጋጁል መድረሻ ይፈልጋል። አንድ ሦስተኛ ያህሉን ጎማና ነፋስ ይወስዱታል። 3.3 ሜጋጁል የሚሆነው ግን በፍሬኑ ታምቡርና ሸራ ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል። ሙቀቱን የሚቀበለው ብረት በድምሩ 25 ኪሎ ግራም ነው ብንልና ነፋስ ባያቀዘቅዘው፣ ግለቱ በ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጨምራል። ነፋሱ ከዚህ ብዙ ይቀንሳል፤ የቀረውም ቢሆን ቀላል አይደለም።

አሁን የፍሬን ዘይቱን እናስብ። ዶት 3 የተሰኘው የተለመደው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ነገር ግን ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። 4 በመቶ የማይሞላ ውኃ ሲቀላቀልበት የመፍያ ነጥቡ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፤ ፈሳሽ አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። እግር ሲጫን የሚታመቀው እንፋሎቱ ስለሆነ ግፊቱ ወደ ጎማው አይደርስም፤ ፔዳሉም ወለል ይነካል። በዚህ ላይ ታምቡር ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይርቃል። ከ1967 (እ.ኤ.አ.) በፊት በተሠሩት ቮልሶች ደግሞ አራቱም ጎማዎች የሚታዘዙት በአንድ የዘይት መሥመር ነበር፤ አንዱ ሲከዳ ሁሉም ይከዳሉ።

ወዳጃችንን «የፍሬን ዘይቱ መቼ ተቀየረ?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት አሰቡና «ሲጎድል እንጨምራለን እንጂ መቀየሩን አላስታውስም» አሉ። በእኛ ግምት የከዳቻቸው መኪናዋ አይደለችም። የከዳቸው ዘይቱና በነጻ ማርሽ መውረድ ነው። በወጡበት ማርሽ መውረድ ማለት ሞተሩ ራሱ የኢነርጂውን ድርሻ እንዲበላ ማድረግ ነው፤ የድሮ የጭነት መኪና ሾፌሮች ይህን ያለ ስሌት ያውቁታል።

ስለ ኩርባዎቹም አንድ ነገር እንበል። 20 ሜትር ራዲየስ ባለው ኩርባ ላይ መኪናን ከመንሸራተት የሚይዘው የጎማና የአስፋልት ሰበቃ ብቻ ነው። ስሌቱን ስንሠራ ክብደት ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል። የሰበቃው መለኪያ 0.7 ሲሆን ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር፣ በዝናብና ባለቀ ጎማ 0.4 ሲሆን 32 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ክረምት ላይ ጉም ሐረጎን ሲሸፍነው ይህ የ10 ኪሎ ሜትር ልዩነት ከማንኛውም የፈረስ ጉልበት ይበልጣል። ከኋላ ክንፍ የተተከለላቸው ቪትዞች ደሴ ፒያሳ ላይ ሲያልፉ አይተናል፤ ለክንፉ የወጣው ገንዘብ ለጎማ ቢውል ደስ ባለን።

ገንዘቡ የሚደርስባቸው

ምርጫውን የሚያጠብበው ኪስ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን፣ በተለይም ያረጁትን፣ ከባድ ታክስ ጣለባቸው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ በውስን ገንዘብ የሚገዛ የቤንዚን መኪና አስቀድሞ አገር ውስጥ የገባ፣ ብዙውን ጊዜም ራሱ አሮጌ የሆነ ነው። ወዳጃችን የሃያ ዓመት ቪትዝ ሲያዩ «ይቺስ የቮልሴ ታናሽ እህት አይደለችም?» ብለው ስቀዋል።

በእኛ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ቀሩ። በ1999 (እ.ኤ.አ.) የወጣችው ባለ 1000 ቶዮታ ቪትዝ 870 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ 70 ያህል የፈረስ ጉልበት አላት። በቶን 80፣ ደሴ ላይ 62። ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠራችው ሱዙኪ ዲዛየር 83 የፈረስ ጉልበትና 880 ኪሎ ግራም ገደማ ስላላት በቶን 94፣ ደሴ ላይ 73 ታስመዘግባለች። ትንሿ ኤሌክትሪክ መኪና ቢዋይዲ ሲጋል ደግሞ 75 የፈረስ ጉልበት ስትኖራት፣ በባትሪዋ ምክንያት 1,160 ኪሎ ግራም ትመዝናለች፤ በቶን 65 ማለት ነው። ይህ 65 ግን ኮምቦልቻም ደሴም ያው 65 ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ኦክስጅን አይጠይቅም።

በወረቀት ላይ ዲዛየር ትቀድማለች። ሆኖም የቤንዚን ሞተር ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 6,000 ዙር አካባቢ ሲሽከረከር ነው፤ ሐረጎ ላይ ደግሞ ጆሮው የሚችል ሰው ጥቂት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ የመጠምዘዝ ጉልበቱን ይሰጣል። ስለዚህ ከኩርባ ሲወጡ የሚሰማው ደስታ ከሦስቱ በሲጋል ይበልጣል ብለን እንገምታለን። ቁልቁለቱ ላይም ሞተሩ ወደ ጄነሬተርነት ተለውጦ ባትሪውን ይሞላል። በእኛ ስሌት ወደ ደሴ መውጣት 4.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ መውረዱ 0.7 ያህሉን ይመልሳል። የደርሶ መልሱ ፍጆታ 30 ኪሎዋት ሰዓት ከሚይዘው ባትሪ 12 በመቶ ነው። ጥንቃቄ የሚሻው፣ ደሴ ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ መውረድ ነው፤ የተመለሰው ኢነርጂ ማረፊያ ስለሌለው ሸክሙ እንደገና በፍሬን ላይ ይወድቃል።

እንዲህ እያልን ወደ ሲጋል ስናደላ፣ ነገሩን የቋጨው ፊዚክስ አልነበረም። ወዳጃችን ተከራይ ናቸው፤ ከአከራያቸው ጋር የሚጠቀሙት በአንድ ቆጣሪ ነው። ከተራ ሶኬት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይገኛል፤ ባዶ ባትሪን ለመሙላት 14 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። «አከራዬ የማታ አምፖል እንኳ ይቆጥሩብኛል» አሉን። ዲዛየርም ከአቅማቸው በላይ ሆነች።

ቪትዟን ሲገዙ አብረናቸው ሄድን፤ ሻጩ ሜዳ ላይ ሊያሳየን ፈልጎ ነበር፣ እኛ ግን አራት ሰው ሆነን ሐረጎን እንዲያስወጣን ለመንነው። ተማሪዎችም ሊሞክሩት ይችላሉ። የአየር ግፊት መለኪያ ያለው ስልክ በዚህ ከፍታ በየ10 ሜትሩ አንድ ሄክቶፓስካል ያህል ሲቀንስ ያሳያል። ከዚህና ከሰዓት፣ ክብደቱን ካወቁ፣ ሞተሩ ለከፍታው የሚያውለውን ኪሎዋት ያገኛሉ። መልሱን ከአምራቹ ቁጥር ጋር ሲያነጻጽሩ ከፍታው፣ ጎማው፣ ነፋሱና የሞተሩ እርጅና የበሉትን መርሳት አይገባም። አንድ ጉድለት አስተውለናል፦ ቪትዝ የምትጎተተው በፊት ጎማዎቿ ስለሆነ፣ ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ሲያደላ እርጥብ አስፋልት ላይ ትንሸራተታለች። ሞተሯን ከኋላ የተሸከመችው ቮልስ በዚህ ትበልጣታለች። ቁልቁለቱ ላይም የአውቶማቲክ ማርሿን ዘንግ ወደ 2 ወይም ወደ ኤል ማውረድን እንዳይረሱ አደራ ብለናቸዋል። ከጎማና ከአዲስ የፍሬን ዘይት የተረፈ ገንዘብ አልነበራቸውም።

ቮልሷ አልተሸጠችም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወዳጃችን ሌላ ጥያቄ ይዘው መጡ፦ ሞተሯን አውጥቶ በኤሌክትሪክ መተካት አይቻልምን? ይቻላል አልናቸው። ቮልስዋገን ራሱ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ከአንድ ሌላ ድርጅት ጋር ሆኖ እንዲህ ያለች ቮልስ አሳይቷል፤ 36.8 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪና 82 የፈረስ ጉልበት አላት። «ክብደቷስ?» አሉ፤ ትምህርቱ ገብቷቸዋል። 1,280 ኪሎ ግራም መሆኑን ነገርናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ እሑድ እሑድ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ብቻ ሊነዷት፣ የቮልሷን ቁልፍ ወደ ኪሳቸው መለሱ።