«ማዳረስ» እና «ተደራሽነት»፤ የጤና ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኞች እንዲያገለግል የሚያስፈልጉ ቃላትና አጻጻፍ

በመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች፣ በጋዜጦችና በስብሰባ አዳራሾች ተደጋግመው ከሚሰሙት ቃላት አንዱ «ተደራሽ» የሚለው ነው። አንድ የጤና መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በከፈተ ማግሥት «መረጃው ለኅብረተሰቡ ተደራሽ ሆኗል» ይባላል። ነገር ግን ገጹን ማየት ለተሳነው፣ በገጹ ላይ የተለጠፈውን ፊልም መስማት ለተሳነው፣ ወይም እጁ እንደ ልብ ለማይታዘዝለት ሰው መረጃው በእርግጥ ደርሷል ወይ? በዚህ አጭር ጽሑፍ ቃሉንና ጉዳዩን አጣምረን ለመመርመር እንሞክራለን።

ምሳሌያችንን ከመቐለ እንወስዳለን። የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ በጨርቃ ጨርቅና በአልባሳት ሥራ ላይ ያተኮረ የፋብሪካዎች መንደር ነው። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ በተጀመረው ጦርነት ሥራው ተቋርጦ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ የነበረው የስልክና የኢንተርኔት መስመር ወደ ከተማዋ ተመልሷል። ጦርነቱ ግን ብዙ ሰዎችን ለአካል ጉዳት ዳርጎ አልፏል።

እንግዲህ በዚህ ፓርክ ልብስ ስትሰፋ የኖረች፣ አሁን ግን የዓይኗ ብርሃን የደከመ አንዲት ወጣት ሠራተኛ አለች እንበል። ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ወይም ስለ ሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ለማወቅ ትፈልጋለች። ስልኩ በእጇ ነው፤ ገጹም ተከፍቷል። ገጹ በድምፅ የማይነበብ ከሆነ ያላት ምርጫ የጎረቤት ልጅ ጠርታ «አንብብልኝ» ማለት ብቻ ነው። ለሐኪም ብቻ የሚነገረው ምስጢሯ ያን ጊዜ የመንደር ወሬ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ፈርታ ሳትጠይቅ ብትቀርም ጉዳቱ የራሷ ነው። የምንመረምረው የአጻጻፍ ጉዳይ የሰውን ክብርና ጤና የሚነካ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

1. ስለ ቃሉ

«ተደራሽ» የተገኘው «ደረሰ» ከሚለው ግሥ ነው። ከዚሁ ግሥ «አዳረሰ» የሚል ሌላ ግሥ ይወጣል፤ ትርጉሙም አንድን ነገር ለሁሉም እንዲበቃ አድርጎ ማከፋፈል ማለት ነው። ጠላ ቀጂ ለተጋባዡ ሁሉ «አዳርሺ» ትባላለች። ጤና ጣቢያ በየወረዳው ሲሠራ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ሲመደቡ፣ የተፈጸመው ተግባር ማዳረስ ነው፤ ውጤቱም «ሽፋን» ይባላል። በአንጻሩ «ተደራሽ» የሚለው ቃል ሊደረስበት የሚቻልን ነገር ያመለክታል። በመጀመሪያው ሐሳብ ተጓዡ አገልግሎቱ ሲሆን፣ በሁለተኛው ተጓዡ ሰውየው ነው። ማድጋው ከቤት ገብቶ አፉ ጠባብ ከሆነ ውኃው ተዳርሷል፤ እጁን ማስገባት ላልቻለው ግን ተደራሽ አይደለም።

ትግርኛም «በጽሐ» ከሚለው ግሥ «ተበጻሒ» የሚል ቃል አውጥቶ በዚሁ አገባብ ይጠቀማል። ሁለቱ ቋንቋዎች ሐሳቡን የገለጹት በአንድ መንገድ ነው ማለት ነው።

በእኛ አስተያየት ሁለቱን ሐሳቦች በአንድ ቃል መጥራት ስሕተትን ይጋብዛል። ሪፖርት አቅራቢው «ተደራሽ አድርገናል» ሲል ማዳረሱን መናገሩ ነው፤ አድማጩ ግን ማንም ሰው በራሱ ሊጠቀምበት የሚችል መሆኑን ይረዳል። ስለዚህ ለመጀመሪያው «ማዳረስ» ወይም «ሽፋን»፣ ለሁለተኛው «ተደራሽነት» እያልን ለይተን ብንጠቀም መልካም ይሆናል።

ጉዳዩ የሕግም መሠረት አለው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ሲደነግግ ሕንፃንና መንገድን ብቻ ሳይሆን መረጃንና መገናኛንም ይጨምራል፤ አንቀጽ 25 ደግሞ ስለ ጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምት መሠረት ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው፣ ማለትም ወደ 1.3 ቢሊዮን የሚጠጋው፣ ጉልህ የአካል ጉዳት አለበት። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ የሕዝብ አገልግሎት ሰጪ መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጾቻቸውን ተደራሽ እንዲያደርጉ አስገድዳለች።

2. ገጹ እንዴት ይነበባል?

ማየት የተሳነው ሰው ኮምፒዩተርንና ስልክን የሚጠቀመው በማያ ገጽ አንባቢ አማካይነት ነው። ይህ በመስታወቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ ንግግር የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። «ኤንቪዲኤ» የተባለው በአውስትራሊያ የተጀመረው አንባቢ በነፃ የሚታደል ሲሆን፣ አማርኛን ወደ ድምፅ የሚለውጡ ፕሮግራሞችም ተሠርተዋል። አንባቢው ግን የሚያውቀው ፊደልን ብቻ ነው፤ ሥዕልን አያውቅም። ማኅተም ያረፈበት ማስታወቂያ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሲለጠፍ ለሚያየው ሰው ደብዳቤ ነው፤ ለአንባቢው ግን ባዶ ቦታ ነው።

የዓለም አቀፉ የድር ጥምረት መመሪያ፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ ኋላም በ2008፣ በ2018 እና በ2023 የታደሰው፣ ጉዳዩን በአራት መርሖች ይጠቀልለዋል። ይኸውም የገጹ ይዘት በስሜት ሕዋስ ሊታወቅ የሚችል፣ ሊንቀሳቀስ የሚችል፣ ለመረዳት የሚቻልና በልዩ ልዩ መሣሪያ ሁሉ ጸንቶ የሚሠራ እንዲሆን ነው። በዚህ መሠረት ለእያንዳንዱ ሥዕል በቃላት የተጻፈ መግለጫ፣ ለፊልሙ ንግግር ከሥር የሚወጣ ጽሑፍ ያስፈልጋል። የተራ ጽሑፍና የመደቡ የብርሃን ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት። ጽሑፉ እስከ 200 በመቶ ሲጎላ ምንም ነገር ሊጠፋ አይገባም። ማውዝ መያዝ ለማይችል ሰውም ሥራው ሁሉ በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ ሊፈጸም ይገባል።

3. ከፊደላችንና ከቋንቋችን የሚመነጩ ጉዳዮች

ከላይ የተጠቀሰው ለሁሉም ቋንቋ የሚያገለግል ነው። የሚከተሉት ግን በተለይ በግዕዝ ፊደል ለሚጽፉ የቀረቡ ናቸው።

ሀ. የቋንቋ መለያ። እያንዳንዱ ገጽ በምን ቋንቋ እንደ ተጻፈ የሚያመለክት፣ ለዓይን የማይታይ መለያ ሊኖረው ይገባል። አማርኛና ትግርኛ በአንድ ፊደል ስለሚጻፉ መሣሪያው ቋንቋውን ከፊደሉ ብቻ አይለየውም። የትግርኛ ገጽ በአማርኛ መለያ ቢወጣ፣ «ሕማም» የሚለው ቃል የጉሮሮ ድምፁን አጥቶ ይነበባል። በ«መቐለ» መካከል ያለው «ቐ» ደግሞ በአማርኛ የድምፅ ሥርዓት የሌለ ስለሆነ የከተማዋ ስም ራሱ ይሰናከላል። የውጭ ቋንቋ መለያ የተለጠፈበት የአማርኛ ገጽም አንባቢውን ዝም ሊያሰኘው ይችላል።

ለ. አራት ነጥብ። ብዙ ጸሐፊዎች ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት አራት ነጥብን ያስመስላሉ። ለዓይን ልዩነት የለውም። ለመሣሪያው ግን ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም፤ ስለዚህ «አይውሰዱ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ከሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ጋር ተያይዞ በአንድ ትንፋሽ ሊነበብ ይችላል። አራት ነጥብ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ ሲገባ የራሱን ቦታ አግኝቷል፤ በዚያው ሊጻፍ ይገባል። ከዚያ በፊት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ተሠርተው በነበሩት የፊደል ቅርጾች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶችም ለአንባቢው ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላት ክምር ስለሆኑ ወደ ዩኒኮድ ሳይለወጡ መለጠፍ የለባቸውም።

ሐ. ጥብቀት። ፊደላችን የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው አይለይም። የእያንዳንዱ ድረ ገጽ የመጀመሪያ ቃል የሆነው «ዋና ገጽ» ላልቶ ሲነበብ የውኃ ዋና ይሆናል፤ «ገና ያልተከተቡ» ሲጠብቅ በዓሉን ያስታውሳል። «ለነፍሰ ጡር አይሰጥም» በሚለው ውስጥ ግሡ ቢላላ የሚሰጥ ሰው ያለ ይመስላል፤ ቢጠብቅ መድኃኒቱን የሚመለከት ይሆናል። ሰው ከዐውዱ ይለያል፤ መሣሪያው ግን ሊሳሳት ይችላል። የጥብቀት ምልክት በዩኒኮድ ቢኖርም የለመደው አንባቢ ጥቂት ነው። ስለዚህ መድኃኒትን በሚመለከት ዓረፍተ ነገር አሻሚ ቃል ሳይመርጡ «ነፍሰ ጡር ሴት ይህን መድኃኒት መውሰድ የለባትም» ብሎ ግልጽ አድርጎ መጻፍ ይሻላል።

መ. አኅጽሮተ ቃልና ሰዓት። «ጤ/ጣ» የሚለው ጽሑፍ ሲደመጥ ሁለት ቁርጥራጭ ድምፅ ነው፤ «ጤና ጣቢያ» ተብሎ ይጻፍ። «ቀጠሮ 2፡00» ሲባልም በአገራችን አቆጣጠር መሆኑ «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት» በማለት መገለጽ አለበት።

ሠ. ሞክሼ ፊደላት። «ሕክምና» ብሎ የሚጽፍና «ህክምና» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንድ መልስ ማግኘት አለባቸው። የገጹ መፈለጊያ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲቆጥር ካልተደረገ አንደኛው «አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል።

ረ. አመልካች ቃላት። «እዚህ ይጫኑ» የሚለው ሐረግ ጣት ሲኖር ብቻ የሚገባ ነው። ማየት የተሳነው ሰው የገጹን ማያያዣዎች ለብቻቸው አውጥቶ ሲያደምጥ «እዚህ ይጫኑ፤ እዚህ ይጫኑ» የሚል ብቻ ይሰማል። «የክትባት ቀጠሮ ይያዙ» ቢባል ግን ቃሉ ራሱ ይመራዋል። እንዲሁም «በቀይ የተጻፈውን ይሙሉ» የሚለው ትእዛዝ ቀለም ለማይለይ ሰው ትእዛዝ አይሆንም።

ሰ. የምልክት ቋንቋ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ እንጂ በእጅ የተጻፈ አማርኛ አይደለም። ለብዙ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የተጻፈው አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ከጽሑፉ በተጨማሪ በምልክት ቋንቋ የተቀረፀ ማብራሪያ ማቅረብ፣ ጽሑፉንም አጭርና ቀጥተኛ ማድረግ ያስፈልጋል።

4. ሰውን ስለምንጠራበት ስያሜ

ጤናን የሚመለከት ገጽ የሚጠቀምበት ስያሜ ተገልጋዩን ሊያቀርበውም ሊያርቀውም ይችላል። «ደንቆሮ» የሚለው ቃል መስማት የማይችለውንና ዕውቀት የሌለውን በአንድነት ስለሚጠራ፣ አካላዊ ሁኔታን ስድብ አድርጎታል። «መስማት የተሳነው» የሚለው አጠራር ይህን አሻሚነት ያስወግዳል። «ዓይነ ስውር» የሚለው ከግዕዝ የመጣ ስያሜም ዓይኑ የተሰወረበት ማለት እንጂ ሰውየውን የሚያንኳስስ አይደለም።

ከላይ የጠቀስነው ስምምነት አካል ጉዳተኝነትን የሚያየው በሰውየው ጉዳትና በዙሪያው ባሉ መሰናክሎች መካከል እንደሚፈጠር ነገር ነው። ስለዚህ «ገጹን መጠቀም ያልቻለ አካል ጉዳተኛ» ከማለት «መሰናክል ያለበት ገጽ» ማለት ይበልጥ ትክክል ይሆናል። በሁለተኛው አነጋገር ሊታረም የሚገባው ማን እንደ ሆነ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይናገራል።

5. የቀረቡ ስያሜዎች

ከዚህ በላይ በተሰጠው ማብራሪያ መሠረት የሚከተሉትን ለአንባቢያን ውይይት እናቀርባለን።

ተደራሽነት፦ ማንኛውም ሰው ያለ ሌላ ሰው እርዳታ አገልግሎትን የመጠቀም ዕድሉ።
የማያ ገጽ አንባቢ፦ ጽሑፍን ወደ ንግግር የሚለውጥ ፕሮግራም።
የሥዕል መግለጫ፦ ሥዕሉ የያዘውን ፍሬ ነገር በቃላት የሚተካ አጭር ጽሑፍ።
የንግግር ጽሑፍ፦ በፊልም ውስጥ የሚነገረው ከሥር ተጽፎ ሲወጣ።
የቋንቋ መለያ፦ ገጹ የተጻፈበትን ቋንቋ ለመሣሪያ የሚያስታውቅ ምልክት።
መሰናክል፦ በገጹ አሠራር ምክንያት ተገልጋዩን የሚያግድ ማናቸውም ነገር።

ስያሜ ብቻውን ገጽን አያቃናም። ሆኖም የገጹ አዘጋጅ «ማዳረስ» እና «ተደራሽነት» ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ካወቀ፣ ገጹን ከመልቀቁ በፊት መስታወቱን አጥፍቶ አንድ ጊዜ ያደምጠዋል። የመቐለዋ ሠራተኛ የምትፈልገውን ለማግኘት የጎረቤት ልጅ መጥራት ካላስፈለጋት፣ ያን ጊዜ ስለዚያ ገጽ «ተደራሽ ነው» ብሎ መጻፍ ይቻላል።