የከብት ክትባት የትኛውን በሽታ ይከላከላል? የትኛውንስ አይከላከልም?

ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው የደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ፣ ከፋብሪካዎቹና ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ ዛሬም ላም የሚታለብባቸው ግቢዎች አሉ። ጠዋት ጠዋት ወተት በጀሪካን ተይዞ ወደ መኖሪያ ቤቶችና ወደ ቁርስ ቤቶች ይሄዳል። በበዓል ዋዜማ ደግሞ በሬ ተገዝቶ ለቅርጫ ይታረዳል። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ አርቢውና ሸማቹ ጎረቤታሞች ናቸው። በመሆኑም ከምግብ ጋር የተያያዘ በሽታ ወሬ በተሰማ ቁጥር ጥያቄው ከሁለት ወገን ይነሣል። ሸማቹ «ከብቱ ተከትቧል ወይ?» ሲል፣ አርቢው «አስከትቤያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅብኛል?» ይላል።

ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። መልሱ ግን እንደ በሽታው ዓይነት ይለያያል። ከከብት ወደ ሰው ከሚተላለፉ የባክቴሪያ በሽታዎች መካከል በክትባት የሚገቱ አሉ። ክትባት የማያገኛቸውና በንጽህናና በእሳት ብቻ የሚገቱም አሉ። ይህን ለይቶ አለማወቅ በሁለት በኩል ያስጎዳል። አንዱ ክትባት ምን ያደርጋል ብሎ በሬውን ያጣል፤ ሌላው የተከተበ ላም ነው ብሎ ጥሬ ወተት ለሕፃን ያጠጣል።

በክትባት የሚገታው አባ ሰንጋ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2015 ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስት በለየችበት ጊዜ፣ አባ ሰንጋ ከእብድ ውሻ በሽታና ከብሩሴሎሲስ ጋር በዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ከሞተ ከብት ደም ጋር ወጥቶ አየር ሲያገኝ ጠንካራ ቅርፊት ያበጃል፤ በዚያም ሁኔታ በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከድርቅ በኋላ ዝናብ ሲጥል ወይም ሣሩ አጥሮ ከብቱ አፈር እየላሰ ሲግጥ በሽታው ዳግም ይነሣል።

ምልክቱ ፈጣን ነው። ማታ ደኅና የነበረ በሬ ጠዋት ሞቶ ይገኛል፤ ሆዱ ቶሎ ይነፋል፤ ከአፍንጫው፣ ከአፉና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወጣል። እንዲህ ያለ ሬሳ ሊከፈት፣ ቆዳው ሊገፈፍ፣ ሥጋውም ሊከፋፈል ፈጽሞ አይገባም። በክት አለመብላት በክርስትናም በእስልምናም የጸና ሕግ ነው፤ በዚህ ጉዳይ የእንስሳት ሐኪሙም የሚለው ያንኑ ነው። ችግሩ የሚመጣው በሬው ሲያጣጥር «ሳይሞት እንድረስበት» ተብሎ ሲታረድ ነው። ቢላዋ የያዘውም፣ ሥጋውን የተካፈለውም፣ ቆዳውን የተሸከመውም ለበሽታው ይጋለጣሉ። በሰው ቆዳ ላይ የማያምና መሐሉ የሚጠቁር ቁስል ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል።

ለዚህ በሽታ ክትባት ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ በ1881 በሕዝብ ፊት ባደረገው ሙከራ የከተባቸው በጎች ሲተርፉ ያልተከተቡት አልቀዋል። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሰጠው ዓይነት ደግሞ እ.ኤ.አ በ1930ዎቹ በደቡብ አፍሪካ የተገኘ ነው። የአቃቂ አርቢም ክትባቱን ከሩቅ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ በ1964 የተመሠረተው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት የሚገኘው በዚሁ መንገድ ላይ፣ በቢሾፍቱ ነው። ተቋሙ የአባ ሰንጋን፣ የአባ ጎርባን፣ የጎሮርሳንና የሌሎችንም በሽታዎች ክትባቶች ያመርታል።

የክትባትን ጥቅም የአገራችን ገበሬ ከታሪክም ያውቀዋል። በክፉ ቀን ዘመን አገሩን ያለ በሬ ያስቀረው የከብት ደስታ በሽታ፣ ለብዙ ዓመታት በተካሄደ የክትባት ዘመቻ እ.ኤ.አ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል።

ክትባቱ እንዲሠራ ምን ያስፈልጋል?

የአባ ሰንጋ ክትባት በየዓመቱ፣ በሽታው ከሚነሣበት ወቅት አስቀድሞ መሰጠት አለበት። መከላከያው በከብቱ አካል ውስጥ ለመገንባት ቀናት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጎረቤት ከብት ከሞተ በኋላ መሯሯጥ ዘግይቶ መነሣት ነው። ክትባቱ ከፋብሪካ እስከ መርፌው ድረስ በቅዝቃዜ መቆየት ይኖርበታል፤ በረዶ በሌለው ሳጥን ፀሐይ ላይ የዋለ ብልቃጥ ከውኃ የሚሻል ነገር አይሰጥም። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ በመሆኑም በዚያው ሰሞን አንቲባዮቲክ የተወጋ ከብት ጥቅሙን ያጣል፤ መድኃኒቱ የክትባቱን ባክቴሪያ ይገድለዋልና። አርቢው ለከታቢው ባለሙያ ይህን አስቀድሞ መንገር አለበት።

«የተከተበ ከብት ሥጋና ወተት ይጎዳል» የሚለው ሥጋትም መልስ ይፈልጋል። ክትባት ሥጋን አይመርዝም። ይሁን እንጂ ከብቱ በተከተበ ማግሥት ለእርድ አይቀርብም፤ ለእያንዳንዱ ክትባት በመመሪያው ላይ የተጻፈ የመቆያ ጊዜ አለ። ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው አንቲባዮቲክ ነው። መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት የመቆያ ጊዜው ሳያልቅ ሲሸጥ፣ ቅሪቱ ወደ ሰው ይገባል፤ ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን እየለመዱ እንዲሄዱ ያግዛል።

ክትባት የማያገኛቸው

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት በሽታዎች ሸማቹ «ተከትቧል ወይ?» ብሎ በመጠየቅ ብቻ የማይገላገላቸው ናቸው።

አንደኛው ብሩሴሎሲስ ወይም የውርጃ በሽታ ነው። ላሟን ያስወርዳል፤ ሰውን የሚይዘው ደግሞ በጥሬ ወተትና የተጨናገፈ ጽንስን ወይም የእንግዴ ልጅን በባዶ እጅ በመንካት ነው። የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ስላለው በወባ ወይም በታይፎይድ ሊሳሳት ይችላል። ክትባት በሌሎች አገሮች ቢኖርም በአገራችን ላሞች በመደበኛነት አይሰጥም።

ሁለተኛው የከብት ሳንባ ነቀርሳ ነው። እ.ኤ.አ በ2012 የታተመ ጥናት በመካከለኛው ኢትዮጵያ ከተመረመሩ የወተት ከብቶች 30 በመቶ ያህሉ ለበሽታው ምርመራ ምላሽ እንደሰጡ አሳይቷል። በዚህ በኩል ግን ተስፋ አለ። በኢትዮጵያ በተካሄደና እ.ኤ.አ በ2024 በታተመ ሙከራ፣ ለሕፃናት የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ለጥጆች ሲሰጥ በመንጋው ውስጥ የሚኖረውን መተላለፍ በ89 በመቶ ገደማ ሊቀንስ እንደሚችል ተገምቷል። ይህ የምርምር ውጤት ነው፤ ዛሬ ገበያ ላይ የሚታለበው ወተት በዚህ ክትባት የተጠበቀ አይደለም።

ሦስተኛዎቹ ሳልሞኔላና ኢ ኮላይ ናቸው። አስቸጋሪነታቸው ከብቱን ሳያሳምሙ በአንጀቱ ውስጥ መኖራቸው ነው። በጣም አደገኛ የሆነው የኢ ኮላይ ዓይነት በጤነኛና በሰባ በሬ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ አርቢውም ሐኪሙም በዓይን አይለዩትም። ካናዳ እ.ኤ.አ በ2008 ለዚህ ባክቴሪያ የከብት ክትባት ፈቅዳ ነበር። ነገር ግን ከብቱ ስለማይታመም ገበሬው ገንዘቡን የሚያወጣበት ምክንያት አላገኘም፤ ክትባቱም ሳይስፋፋ ቀረ። በከተማችን ስሙ ዘወትር የሚነሣው ታይፎይድ ደግሞ ከከብት አይመጣም። ከሰው ወደ ሰው በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፍ በመሆኑ ላም መከተብ ከእርሱ አያድንም።

ከብት የሌለበት ምግብም ከሥጋት ነፃ አይደለም። የአቃቂ ወንዝ የከተማዋን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል፤ በዳርቻውም አትክልት ይለማል። በዚህ ውኃ የበቀለ ሰላጣ በጥሬው ሲበላ፣ ክፉኛ የታረደ ሥጋ የሚያመጣውን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

ከእርድ ቤት እስከ ማዕድ

ባክቴሪያው ከአንጀት ወደ ሥጋ የሚሻገረው በእርድ ጊዜ ነው። ቆዳው ሲገፈፍ ፈርስ ሲነካው፣ አንጀት ሲቀደድ፣ ያልታጠበ ቢላዋ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ሥጋው ላይ ያርፋል። ቄራ ከግቢ እርድ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ከብቱ ከእርድ በፊት በቁሙ፣ ከእርድ በኋላም ሳንባው፣ ጉበቱና ሥጋው በባለሙያ ይታያል፤ የነቀርሳ እባጭና የኮሶ ዘርም ይፈለጋል። ሆኖም የቄራ ማኅተም ያለበት ሥጋ ኢ ኮላይ የለበትም ማለት አይደለም። ባክቴሪያ በዓይን አይታይምና።

በሥጋ ቁራጭ ላይ ባክቴሪያው በአብዛኛው የሚያርፈው በውጭ በኩል ነው። ሥጋው ተከትክቶ ክትፎ ሲሆን ግን የውጪው ወደ ውስጥ ይደባለቃል። ለብ ለብ ማድረግም አይገድለውም፤ ሚጥሚጣ፣ አዋዜ ወይም አረቄም እንደዚሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የምግቡ መሐል 70 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ማብሰልን ነው። ቁርጥ ባህላችን ነው፤ የሚበላው አዋቂ ግን አውቆ ይብላ። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያንና ሕመም ላዳከማቸው ሰዎች ጥሬ ሥጋ ባይሰጥ ይመረጣል።

የወተት መድኃኒት ቀላል ነው፤ እስኪገነፍል ማፍላት። ፋብሪካዎች ወተትን በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ የሚያሞቁበት ዘዴ ስሙን ያገኘው ከዚያው የአባ ሰንጋን ክትባት ካሳየው ከፓስተር ነው። ብሩሴላም፣ የነቀርሳ ባክቴሪያም፣ ሳልሞኔላም ይህን ሙቀት አይቋቋሙም። ያልፈላ ወተት እርጎ ስለሆነ ብቻ ግን ሙሉ በሙሉ አይጸዳም።

የምግብ ወለድ በሽታ ዋጋ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2015 ባወጣው ግምት በዓመት 600 ሚሊዮን ሰዎች በዚህ ይታመማሉ፤ 420 ሺህ ይሞታሉ። ከሟቾቹ 125 ሺህ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው፤ ከሕዝብ ቁጥር አንጻር ጫናው ከሚበረታባቸው የዓለም ክፍሎች ቀዳሚዋም አፍሪካ ናት። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ በ2017 እና 2018 ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው የሊስቴሪያ ወረርሽኝ ምንጩ በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋ ነበር። በዚያ ጊዜ ጉዳቱን ማስቀረት ይችል የነበረው የፋብሪካው ንጽህና እንጂ የከብት ክትባት አልነበረም።

እንግዲህ አርቢው ከብቱን በወቅቱ ያስከትብ፤ ድንገት የሞተበትን ሳይከፍት ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ያመልክት፤ መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት አይሽጥ፤ ከማለቡ በፊት እጁንና ጡቷን ይጠብ። ሸማቹም ወተቱን ያፍላ፤ የጥሬ ሥጋ ቢላዋና መክተፊያ ለሰላጣ አይጠቀም፤ አትክልቱን በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ይጠብ። አርቢው ላሙን ቢያስከትብም ወተቱን የሚያፈላው ሸማቹ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይተካም።