ስለ ሽማግሌ ሕሙማን ሆስፒታሎችና ስለ ሕዝብ የጤና መድን

ሰው በታመመ ጊዜ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ አንደኛው ሐኪም፥ ሁለተኛው አስታማሚ ነው። ወጣቱ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ወስዶ ቶሎ ይነሣልና የአስታማሚው ድካም የጥቂት ቀን ነው። ዕድሜው የገፋ፥ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ያለው፥ ወይም አእምሮው ደክሞ ልጆቹን መለየት የተሳነው ሰው ግን ሐኪሙ የሚቻለውን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ እንኳ ለወራትና ለዓመታት የሰው እጅ ይሻል። የሕዝብ የጤና መድን እንደዚህ ላለው ሰው ምን ያህል ሊደርስለት ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ብዙ መንግሥታትን ያስጨነቀ ነው፤ ይልቁንም በደቡብ ኮርያ ነገሩ ጎልቶ ይታያል።

ደቡብ ኮርያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. (ከዚህ በታችም የሚጻፈው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) 500ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የጤና መድን እንዲገቡ በሕግ አስገደደች። በ12 ዓመት ውስጥ፥ ማለት በ1989 ዓ.ም.፥ መድኑ ለሕዝቡ ሁሉ ደረሰ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ተለያይተው የነበሩት የመድን ማኅበሮች በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ተጠቃለሉ። በሆስፒታል የሚተኛው ሰው በመድኑ ከሚሸፈነው ዋጋ ከመቶው 20 እጁን ብቻ ይከፍላል፤ በዓመት ውስጥ የከፈለውም እንደ ገቢው ከተወሰነለት ልክ ቢያልፍ ትርፉ ይመለስለታል። ይህ በእውነት የሚመሰገን ሥራ ነው። የቃኘው ሻለቃ በ1951 ዓ.ም. ወደዚያ በዘመተ ጊዜ በጦርነት ፍርስራሽ መካከል ሕፃናት የነበሩት ሰዎች ዛሬ ሰማንያ ዓመት አካባቢ ደርሰዋል። በ2024 ዓ.ም. መጨረሻም ከአገሩ ሕዝብ ከአምስቱ አንዱ 65 ዓመት የሞላው ሆኖ ተገኘ።

በ2004 ዓ.ም. ለረዥም ጊዜ ሕሙማን የተለዩት ሆስፒታሎች መቶ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በኋላ ግን ከ1,300 በላይ ሆኑ። እንዲህ የበዙበት ምክንያት የሽማግሌዎቹ መብዛት ብቻ አይደለም፤ የአከፋፈሉም ሥርዓት ነው። መድኑ ለእነዚህ ሆስፒታሎች የሚከፍለው በሕመምተኛው ደረጃ እየተለካ፥ ለእያንዳንዱ ቀን በተወሰነ ዋጋ ነው፤ የተለመደው መድኃኒትና ምርመራም በዚያው በቀኑ ዋጋ ውስጥ ይታሰባል። ስለዚህ ለባለ ሆስፒታሉ የሚጠቅመው አልጋው ሳይለቀቅ መኖሩና ለተኛው ሰው ጥቂት ወጪ ማውጣቱ ነው። በ2008 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ለሽማግሌዎች እንክብካቤ የሚሆን ሁለተኛ መድን ተቋቁሞ ነበር። ዳሩ ግን በዚያ መድን ወደ መጦሪያ ቤት ለመግባት መርማሪ መጥቶ ደረጃ እስኪሰጥ መጠበቅ ግድ ነው፤ ወደ ሆስፒታሉ ለመግባት ግን ሐኪሙ ከተቀበለ ይበቃል። በቤቱ የሚጠብቀው የሌለው ሰው ሕመሙ ቢቀልለትም በሆስፒታሉ የሚቀረው ስለዚህ ነው፤ የሕክምና አልጋ መኖሪያ ቤት ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። ሕጉ ለ40 ሕሙማን አንድ ሐኪም፥ ለ6 ሕሙማንም አንድ ነርስ ያህል እንዲኖር ያዛል፤ መድኑም የእነዚህን ዋጋ ይከፍላል። ከአልጋው የማይነሣውን ሰው ገላው እንዳይቈስል በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጠው፥ የሚያጐርሰው፥ የሚያጥበውና ልብሱን የሚለውጠው ግን አስታማሚው ነው። ለአስታማሚው መድኑ አንዳች አይከፍልም ነበር፤ ሸክሙ በሙሉ የወደቀው በቤተ ሰቡ ላይ ነው። ብዙዎቹ አስታማሚዎች ከቻይና የመጡ የኮርያ ተወላጆች የሆኑ፥ እነርሱም ራሳቸው ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ናቸው፤ በአንድ ክፍል አንዲቱ ለስድስት ሕሙማን የምታገለግልበት ጊዜ አለ። የኮርያ ብሔራዊ ባንክ በ2024 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ መሠረት፥ ለአንድ ሕመምተኛ ብቻ የሚሆን አስታማሚ ለመቅጠር በ2023 ዓ.ም. በወር 3.7 ሚሊዮን ዎን ያህል ያስፈልግ ነበር፤ ይህም 65 ዓመት ያለፈው ቤተ ሰብ ከሚያገኘው መካከለኛ ገቢ 1.7 እጥፍ ነው። እንግዲህ ለአልጋው የሚከፍል ተገኝቶ አልጋው ላይ ላለው ሰው ውኃ ለሚያቀብለው የሚከፍል ታጣ።

የሰው እጅ ማነስ የሚያመጣው ጉዳት በ2014 ዓ.ም. በግንቦት ወር በጃንግሶንግ አውራጃ ታይቷል። በአንድ የሽማግሌዎች ሆስፒታል በእኩለ ሌሊት እሳት ተነሣ። በዚያ ፎቅ ከሠላሳ በላይ ሕሙማን ተኝተው ሳለ፥ ተረኛዋ አንዲት ረዳት ነርስ ብቻ ነበረች። እርሷ እሳቱን ለማጥፋት ስትታገል ሞተች፤ 20 ሕሙማንም ሞቱ፤ ብዙዎቹን የፈጃቸው ጢሱ ነበር። ከዚያ በኋላ እንደነዚህ ያሉት ሆስፒታሎች ውኃ የሚረጭ የእሳት ማጥፊያ በጣራቸው እንዲያገቡ ታዘዙ፤ መልካም ትእዛዝ ነው፤ ነገር ግን ውኃው ሕመምተኛውን ተሸክሞ አያወጣውም።

በ2019 ዓ.ም. መንግሥት የሕሙማኑን ደረጃ አምስት አድርጎ አሻሻለ፤ ሕክምና እምብዛም የማያሻው ሰውም ከመቶው 40 እጅ ይከፍላል። ይህ ብቻውን ዋጋን ከማስወደድ አያልፍም፤ መግቢያ የሌለውን ሰው አልጋው ስለ ተወደደ ብቻ ቤት አይሰጠውም። የተሻለው እርምጃ በ2024 ዓ.ም. በ20 ሆስፒታሎች የተጀመረው ሙከራ ነው፤ በዚህም ሕመማቸው እጅግ ለጸናባቸውና በሁለተኛው መድን ከፍተኛውን ደረጃ ላገኙ ሕሙማን ከአስታማሚው ደመወዝ የሚበዛው ተከፈለላቸው። በ2025 ዓ.ም. በመስከረም ወርም መንግሥት ቤተ ሰቡ ለአስታማሚ የሚያወጣውን ዋጋ ወደ ከመቶ 30 እጅ ያህል ለማውረድና እስከ 2030 ዓ.ም. 500 ያህል ሆስፒታሎችን ለዚህ ለመምረጥ ማሰቡን ገለጠ። ያልተመረጡት ግን ከተመረጡት ይበልጣሉ፤ በእነርሱ የተኙት ሽማግሌዎች ወዴት እንደሚሄዱ፥ በየሰፈራቸው ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚያጥባቸውና የሚያጐርሳቸው ሰው በማን ገንዘብ እንደሚቀጠር ከአልጋው ቍጥር አስቀድሞ ሊወሰን የሚገባው ነገር ነው።