የሦስት ፔኒ ጣጣ፦ አሜሪካ በግብር ሰበብ ከእንግሊዝ እንዴት ተለየች?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በታክሲም ሆነ በግል መኪናው የሚንቀሳቀስ ወገናችን ሁሉ፣ ከፊቱ በሚቆመው መኪና ሰሌዳ ላይ አንድ ጽሑፍ ሳያይ አይውልም። «ያለ ውክልና ግብር መክፈል ይብቃ» እንደማለት ነው። ከተማዋ በ2000 ሰሌዳዋ ላይ ይህን አቤቱታ መጻፍ የጀመረችው፣ ነዋሪዎቿ የፌዴራል ግብር እየከፈሉ በኮንግሬስ ሕግ ሲወጣ ድምፅ የሚሰጥላቸው ተወካይ ስለሌላቸው ነው። «ይብቃ» የሚለው በኋላ የተጨመረ ነው። ቀይ መብራቱ እስኪለቀን እናነበውና እንረሳዋለን። አባባሉ ግን ከ250 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ደም ያፈሰሰ አባባል ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የጀመረው በዕዳ ነው። እንግሊዝ በ1763 ፈረንሳይን አሸንፋ ከሰባቱ ዓመት ጦርነት ስትወጣ ከ120 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ዕዳ ተሸክማ ነበር። በሰሜን አሜሪካ ጦር ማስፈርም ገንዘብ ይጠይቃል። የለንደን ሹማምንት «የተዋጋነው ለሰፋሪዎቹም ነው፤ የሚከፍሉት ግብር እዚህ ያለው ሕዝብ ከሚከፍለው ያንሳል፤ ስለዚህ ድርሻቸውን ያዋጡ» አሉ። እውነቱን ለመናገር ስሌቱ ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን ሰፋሪዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ በየግዛታቸው ራሳቸው በመረጡት ምክር ቤት ግብራቸውን ሲወስኑ የኖሩ ናቸው።

በ1764 ፓርላማው የሞላሰስን ቀረጥ በጋሎን ከ6 ፔኒ ወደ 3 ፔኒ ዝቅ አደረገው። ቀረጥ ተቀንሶ ሰው ይቆጣል? ተቆጣ። ምክንያቱም 6ቱን ፔኒ በኮንትሮባንድና በጉቦ ስለሚያልፉት የሚከፍለው ጥቂት ነበር፤ 3ቱን ግን ጉምሩክና የጦር መርከብ ቆመው ሊያስከፍሉ መጡ።

በ1765 የቴምብር ሕግ ወጣ። ማመልከቻ ላይ ቴምብር መለጠፍ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ለእነሱ ግን ጋዜጣው፣ የፍርድ ቤት ወረቀቱ፣ ውሉ፣ ካርታ መጫወቻው ሳይቀር ቀረጥ የተከፈለበት ማኅተም ይኑረው ሲባል አዲስ ነገር ሆነባቸው። ሕጉን የጣሰም ጁሪ በሌለበት ችሎት ሊዳኝ ይችላል ተባለ። የለንደን ትልቁ ስሕተት ደግሞ ጠበቃውንና የጋዜጣ አሳታሚውን፣ ማለትም አፍና ብዕር ያላቸውን ሰዎች፣ በአንድ ቀን ማስቀየሙ ነው። በነሐሴ የቦስተን ሕዝብ ቴምብር እንዲያከፋፍል የተሾመውን የአንድሩ ኦሊቨርን ምስል ዛፍ ላይ ሰቀለ። ሰውየውም ሹመቱ ይቅርብኝ አለ። በጥቅምት የዘጠኝ ግዛቶች ልዑካን ኒውዮርክ ተሰብስበው «ተወካያችን በሌለበት ፓርላማ ግብር አይጣልብንም» ሲሉ ወሰኑ። ለንደን ደግሞ «ማንቸስተርና በርሚንግሃምም የራሳቸው ተመራጭ የላቸውም፤ ፓርላማው የሁሉም ነው» የሚል መልስ ነበራት። ሰፋሪዎቹ አልተዋጠላቸውም። ነጋዴው የእንግሊዝን ዕቃ አልገዛም ሲል የለንደን ነጋዴዎች ራሳቸው ጮኹ፤ ሕጉም በመጋቢት 1766 ተሻረ። በዚያው ቀን ግን ፓርላማው በማናቸውም ጉዳይ በቅኝ ግዛቶቹ ላይ ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንዳለው ሌላ አዋጅ አጸደቀ።

በ1767 ቻርልስ ታውንሼንድ በመስተዋት፣ በወረቀት፣ በቀለም፣ በእርሳስና በሻይ ላይ ቀረጥ ጣለ። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ገንዘቡ ለገዢዎችና ለዳኞች ደመወዝ እንዲውል የታሰበ ነበር። እስከዚያ ድረስ በብዙዎቹ ግዛቶች የገዢውን ደመወዝ የሚቆርጠው የሕዝቡ ምክር ቤት ነበር። ገዢው እንጀራው ከለንደን ከመጣለት የሕዝቡን ቃል ለምን ብሎ ይሰማል? በእኔ እምነት ከቀረጡ ሁሉ የመረረው ይህ ነው። ጦር ቦስተን ገባ፤ መጋቢት 5 ቀን 1770 ወታደሮች ተኩሰው አምስት ሰው ገደሉ። ከሟቾቹ አንዱ የአፍሪካ ደም ያለው ክሪስፐስ አተክስ ነው። ሌሎቹ ቀረጦች ተነሡ፤ የሻዩ ግን፣ በፓውንድ 3 ፔኒ፣ ለሥልጣን ምልክት ሲባል ቀረ።

የ1773ቱ የሻይ ሕግ ሻዩን ይበልጥ አረከሰው። በኪሳራ አፋፍ ላይ የነበረው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በቀጥታ እንዲሸጥ ተፈቀደለት። ርካሹን ሻይ መጠጣት ግን 3ቱን ፔኒ አሜን ብሎ መቀበል ነው። ታኅሣሥ 16 ሌሊት 342 ሣጥን ሻይ ቦስተን ወደብ ላይ ባሕር ገባ። ለንደን ወደቡን ዘጋች፤ የማሳቹሴትስን የራስ አስተዳደር ቆረጠች። የዳር ተመልካች የነበሩት ግዛቶች ሳይቀሩ ነገ በእኛ ነው አሉ። ሚያዝያ 1775 ሌክሲንግተን ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ ሐምሌ 1776 ነፃነት ታወጀ።

በ1780፣ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ አባታቸው ከአፍሪካ በባርነት የመጣ ፖልና ጆን ከፊ የተባሉ ወንድማማቾች ከሌሎች ነፃ ጥቁሮች ጋር ሆነው ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት አቤቱታ አስገቡ። ግብር እንከፍላለን፣ ወገኖቻችን ለዚህ ጦርነት ዘምተዋል፣ የመምረጥ ድምፅ ግን የለንም የሚል ነበር። ወንድማማቾቹ ግብሩን አንከፍልም በማለታቸው ታሰሩ። ያሰሯቸው «ያለ ውክልና ግብር የለም» ብለው በእንግሊዝ ላይ የተነሡት የዚያችው የማሳቹሴትስ ሹማምንት ናቸው።