ለውሻ ኢንሹራንስ መግባት ያዋጣል?

ቲክቶክ ላይ የውጭ ሀገር ውሻ አሳዳጊዎችን የምትከታተሉ «ፔት ኢንሹራንስ» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ቤተል ወይም ዓለም ባንክ ግቢያችሁ ውስጥ ጀርመን ሼፐርድ የምታሳድጉ ደግሞ «እኛስ?» ብላችሁ ይሆናል። እስቲ እንየው።

ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ስዊድን ውስጥ የውሻ ኢንሹራንስ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1924 ነው። በየወሩ አረቦን ትከፍላላችሁ። ውሻው ሲታመም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከኪሳችሁ ታሳክሙና ደረሰኙን ስታቀርቡ የተወሰነው ይመለስላችኋል። ከመግባታችሁ በፊት የነበረበትን በሽታ ግን አይሸፍንም። እዚያ የሚያዋጣው አንድ ቀዶ ጥገና በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚያስወጣ ነው።

እኛ ጋር የእንስሳት ኢንሹራንስ ሲባል በዋናነት የከብት ነው። የታወቀው የቦረናው ነው፤ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ጋር በፈረንጆቹ 2012 ጀመረው። የሚገርመው፣ የሞተ ከብት የሚቆጥር የለም። ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ያያል፤ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ካሳ ይከፈላል። የኮልፌ ውሻ ግን በድርቅ አይሞትም፣ ቡችላውን የሚጨርሰው ፓርቮ ነው።

ለፓርቮ ደግሞ መፍትሔው ክትባት ነው፦ ከ6 እስከ 8 ሳምንቱ ተጀምሮ፣ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደገመ፣ ቢያንስ እስከ 16 ሳምንቱ። «አንዴ ተወግቷል፣ ጨርሷል» የሚላችሁን ሻጭ ካርዱን ጠይቁት። ይህ አስቀድሞ የታወቀ ወጪ ስለሆነ ቁጠባ ይበቃዋል። ለምሳሌ በወር 300 ብር ብታስቀምጡ በዓመት 3,600 ብር ይሆናል፤ ውሻው ካልታመመ ብሩ የናንተው ነው። ችግሩ፣ በሁለተኛው ወር ቢታመም ያላችሁ 600 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ ቡችላውን ከማምጣታችሁ በፊት መቆጠብ ጀምሩ።

እኛን የሚያሳስበን ግን የውሻው መታመም ሳይሆን ሰው መንከሱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆንም እንኳ። «በር ተከፍቶ ወጣብኝ» ማለት ብቻውን አያድንም። ነገ አንዱ ድርጅት የውሻ ኢንሹራንስ ይዞ ቢመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ጉዳት ይሸፍናል ወይ?» ብለን ነው። ያንን ከሸፈነ እንገዛለን፤ ካልሸፈነ ቁጠባችን ይሻለናል።

ከገንዘቡ በላይ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። (ጎረቤታችን ጉለሌ ያለው «ፓስተር» ስሙን ያገኘው በ1885 የዚህን በሽታ ክትባት ለሰው ከሰጠው ፈረንሳዊ ሉዊ ፓስተር ነው።) ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ተቋም። በባህል መድኃኒት ቀን አትግፉ። ውሻውንም በንዴት አትግደሉት፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ፣ ያን ያህል ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ ቫይረሱን አላስተላለፈም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀኑን ቤቱ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፣ በዚያው ቀን ይሂድ።

ውሻችሁ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከወሰደ ዓመት ካለፈው በዚህ ሳምንት አስከትቡት። የክትባት ካርዱንም ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት፤ የተነከሰውን ሰው የሚያየው ሐኪም መጀመሪያ ከሚጠይቃችሁ ነገር አንዱ እሱ ነው።