የጌም ወጪ በዓመታት ሲሰላ፦ ኮንሶልና ፒሲ

ኮንሶል በአንድ ኩባንያ ተነድፎ በዋነኛነት ለጨዋታ የተሠራና በአብዛኛው ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ የሚያገለግል ኮምፒውተር ሲሆን፣ የሶኒ ፕሌይስቴሽን፣ የማይክሮሶፍት ኤክስቦክስና የኒንቴንዶ ስዊች በዛሬው ገበያ ዋነኞቹ ናቸው። የጌም ፒሲ የሚባለው ደግሞ በልዩ ልዩ አምራቾች ከተሠሩ ክፍሎች የሚገጣጠም ተራ ኮምፒውተር ነው፤ ከቢሮው ኮምፒውተር የሚለየው በተለይ በግራፊክስ ካርዱ፣ ማለትም በስክሪን ላይ የሚታየውን ምስል በሚያሰላው ክፍል ጉልበት ነው። የመግዣ ዋጋ ብቻ ከታየ ምርጫው ቀላል ይመስላል። ዲስክ የሚያነበው ፕሌይስቴሽን 5 እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በአሜሪካ ለሽያጭ ሲቀርብ 499 ዶላር፣ አነስተኛው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ 299 ዶላር ነበር፤ በዚያው ዓመት የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3080 ግራፊክስ ካርድ ግን፣ ከሁለቱም ኮንሶሎች የበለጠ አቅም ቢኖረውም፣ ብቻውን 699 ዶላር ተተምኖ ነበር።

የኮንሶል ዋጋ ዝቅ የሚለው አሠራሩ ርካሽ ስለሆነ አይደለም። አምራቹ መሣሪያውን በወጪው ልክ፣ አንዳንዴም ከወጪው በታች ሸጦ ትርፉን የሚሰበስበው ቆይቶ ነው፤ በመሣሪያው ላይ ከሚሸጥ ከእያንዳንዱ ጨዋታ፣ ጨዋታውን የሠራው ሌላ ድርጅት ቢሆንም እንኳ፣ ድርሻ ይወስዳል፤ በዲጂታል መደብሮቹ ይህ ድርሻ በተለምዶ 30 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኤፒክ ጌምስ አፕልን በከሰሰበት ችሎት የቀረቡ አንዲት የማይክሮሶፍት ኃላፊ፣ ኩባንያቸው ከኤክስቦክስ መሣሪያ ሽያጭ አትርፎ እንደማያውቅ መስክረዋል። ሶኒም ባለ 499 ዶላሩ ፕሌይስቴሽን 5 በኪሳራ መሸጡ ማብቃቱን የገለጸው ገበያ ላይ ከዋለ ከወራት በኋላ በዚያው በ2021 ነበር። በዚህ ምክንያት ኮንሶል ገዢው በመጀመሪያው ቀን ያተረፈው ገንዘብ፣ ውሎ አድሮ በጨዋታ ዋጋና በአባልነት ክፍያ የሚመለስ ብድር ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

የአባልነት ክፍያ የሚባለው ተጫዋቹ በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር እንዲጋጠም በየዓመቱ ወይም በየወሩ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ማይክሮሶፍት ይህን ሥርዓት በ2002 በኤክስቦክስ ላይቭ ጀመረ፤ ሶኒ በፕሌይስቴሽን 3 ዘመን በነፃ ሲፈቅድ ቆይቶ፣ በ2013 ፕሌይስቴሽን 4ን ሲያወጣ ለአብዛኞቹ ጨዋታዎች ግዴታ አደረገው፤ እንደ ፎርትናይት ያሉ በነፃ የሚሰጡ ጨዋታዎች ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ፕሌይስቴሽን ፕላስ የሚባለው የሶኒ አባልነት ዝቅተኛው ደረጃ በአሜሪካ በዓመት 60 ዶላር ሲሆን ኖሮ በሴፕቴምበር 2023 ወደ 80 ዶላር ከፍ ብሏል። በፒሲ ለኢንተርኔት ጨዋታ እንዲህ ያለ አጠቃላይ ክፍያ የለም፤ የረጅም ጊዜው ሒሳብ የሚጠመዘዘውም በዋነኛነት እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። በኖቬምበር 2020 ፕሌይስቴሽን 5ን በ499 ዶላር ገዝቶ አባልነቱን በየዓመቱ ያደሰ ሰው፣ እስከ ኖቬምበር 2025 ባሉት 5 ዓመታት ለአባልነት ሦስት ጊዜ 60፣ ሁለት ጊዜ 80፣ በድምሩ 340 ዶላር ከፍሏል፤ ከመሣሪያው ጋር 839 ዶላር ይሆናል። ተቀራራቢ አቅም ያለው ፒሲ ለስሌት ያህል 1,000 ዶላር ይታሰብ፤ ልዩነቱ 161 ዶላር ነው። ኮንሶሉ በጨዋታ ጊዜ 200 ዋት ገደማ ሲፈጅ ፒሲው 350 ዋት ይፈጃል ቢባል፣ በቀን 2 ሰዓት ለሚጫወትና ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 0.17 ዶላር ለሚከፍል ሰው በ5 ዓመት 93 ዶላር ይጨመራል፤ ፒሲው የሚበልጥበት ወጪ በዚህ 254 ዶላር ይደርሳል። የፒሲ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ስለሚረክስ፣ ፒሲ ተጫዋቹ ጨዋታ በገዛ ቁጥር በአማካይ 15 ዶላር ቢያተርፍ፣ በ17 ጨዋታ፣ ማለትም በዓመት ሦስት ወይም አራት በመግዛት፣ ልዩነቱን ይሸፍነዋል። አባልነት የማያስፈልገው፣ ብቻውን ወይም ጎኑ ከተቀመጠ ጓደኛው ጋር የሚጫወት ሰው ግን ሒሳቡ ፈጽሞ ይለወጥበታል፤ ልዩነቱ 594 ዶላር ስለሚሆን ለመሸፈን 40 ጨዋታ ያስፈልጋል፤ ይህም በዓመት ስምንት ነው። ያገለገለ ዲስክ መግዛትና ተጫውተው የጨረሱትን መልሶ መሸጥ ሲታከልበት፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከኮንሶል የሚረክስ ነገር ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በፒሲ ጨዋታ የሚረክሰው መሣሪያውን በባለቤትነት የሚቆጣጠር አንድ ኩባንያ ስለሌለ ነው። ቫልቭ በ2003 የከፈተው ስቲም የተባለው የኢንተርኔት መደብርም በመነሻው 30 በመቶ ይወስዳል፤ ነገር ግን በ2018 የመጣው የኤፒክ መደብር በ12 በመቶ ድርሻና በየሳምንቱ በሚሰጣቸው ነፃ ጨዋታዎች ይፎካከረዋል፤ ሌሎችም ሻጮች አሉ። የኮንሶል መደብሮችም ቅናሽ ያደርጋሉ፤ ሆኖም ዲስክ ማንበቢያ የሌለው ኮንሶል የገዛ ሰው የአንድ ሻጭ ደንበኛ ሆኖ ይቀራል፣ የገዛውንም መልሶ መሸጥ አይችልም። ፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ በመግዣው ቀን 100 ዶላር ያስቀነሰው ይህ ምርጫ በ5 ዓመት ውስጥ ከዚያ የበለጠ ሊያስከፍለው እንደሚችል ጥቂት ገዢዎች ብቻ ያስተውላሉ።

ፒሲ በየክፍሉ የሚታደስ መሆኑም በስሌቱ ውስጥ መግባት አለበት። በ2017 የተገዙ ብዙ የኤኤም4 ማዘርቦርዶች፣ ማለትም ሌሎቹ ክፍሎች የሚሰኩባቸው ሰሌዳዎች፣ ኤኤምዲ በ2022 ያወጣውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰር መቀበል ችለዋል፤ ባለቤቱ ሳጥኑን፣ የኃይል ማከፋፈያውንና ማከማቻውን ሳይጥል አንድ ክፍል ብቻ ለውጧል። አደጋው ያለው ክፍሉ በገበያ ላይ ሲጠፋ ነው፤ በ2020 እና በ2021 የቺፕ እጥረትና ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ የማመንጨት ሥራ ተደራርበው የካርዶችን ዋጋ በእጥፍና ከዚያም በላይ አንረውታል። ኮንሶልም ቢሆን የቀድሞ ልማዱን ለቋል፤ በ2000 በ299 ዶላር የተጀመረው ፕሌይስቴሽን 2 በ2009 ወደ 99 ዶላር ወርዶ ነበር፤ ፕሌይስቴሽን 5 ግን በኦገስት 2025 ወደ 550 ዶላር ወጥቷል። ዋጋው እስኪወርድ መጠበቅ ለቁጠባ የታወቀ መንገድ ነበር፤ ዛሬ አይሠራም።

በክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው፣ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው ነጥብ፣ ኮምፒውተሩ ለሌላም ሥራ የሚፈለግ መሆኑ ነው። ለትምህርት፣ ለዲዛይን ወይም ለቪዲዮ ቅንብር 500 ዶላር የሚያወጣ ፒሲ መግዛቱ የማይቀር ሰው፣ ለጨዋታ ያወጣው ከ1,000 ዶላሩ ግማሹን ብቻ ነው፤ ያም ከኮንሶሉ የመነሻ ዋጋ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ኮምፒውተር የማያስፈልገው ቤተሰብ ግን ሙሉውን ዋጋ በጨዋታው ላይ መጻፍ ይኖርበታል። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ስሕተት ነው።

ከዓመታት በኋላ በእጅ የሚቀረውም ይታሰባል። ፕሌይስቴሽን 4 የፕሌይስቴሽን 3ን ዲስክ አይቀበልም ነበር፤ ኒንቴንዶ የዊ ዩ እና የ3ዲኤስ መደብሮቹን ግብይት በማርች 2023፣ ማይክሮሶፍት የኤክስቦክስ 360ን መደብር በጁላይ 2024 ዘግተዋል። አስቀድመው የተገዙት ባይነጠቁም፣ አዲስ መግዣው በር ተቆልፏል። በስቲም የተገዛ ጨዋታም በሕግ ዓይን የመጠቀሚያ ፈቃድ እንጂ ንብረት አይደለም፤ ይሁንና መሣሪያው ሲለወጥ ስብስቡ ተከትሎ ወደ አዲሱ ፒሲ ይሄዳል።

በኢትዮጵያ ስሌቱ በሌላ ሚዛን ይወጣል። በአዲስ አበባ ሠፈሮች ፕሌይስቴሽን የሚያጫውቱ ቤቶች ከደንበኛው በጨዋታ ልክ ሒሳብ ስለሚቀበሉ የመሣሪያው ዋጋ ለብዙ ወጣቶች ይከፋፈላል፤ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ኳስ ሲጋጠሙም የአባልነት ክፍያ አያስፈልጋቸውም። የመብራት ታሪፉ ከአሜሪካ እጅግ ያነሰ በመሆኑ የፒሲው ተጨማሪ ፍጆታ እምብዛም አይከብድም። የሚከብደው በዶላር የሚተመነው ነገር ሁሉ ነው፤ በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የተነሳው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ በዓመት 80 ዶላር የሆነው አባልነት ያኔ ከ4,600 ብር ገደማ ተነስቶ ከ8,000 ብር አልፏል ማለት ነው። የአንድ ጊዜ ግዢ ከዘመድ እጅም ሆነ ከሱቅ በብር ይፈጸማል፤ በየዓመቱ የሚታደሰው ክፍያ ግን የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል።