ስለማይታወቅ ፋይልና ስለ አያያዙ

በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ፋይል ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። አንዳንዱ ጽሑፍን ወይም ሥዕልን ብቻ የያዘ ነው፤ አንዳንዱ ግን ሲከፈት ኮምፒዩተሩን የሚያዝ ፕሮግራም ነው። መጽሐፍ በማኅደሩ ስለማይታወቅ ገልጠው ያነቡታል፤ ፕሮግራም ግን በተገለጠበት ቅጽበት ሥራውን ይጀምራልና ሳይከፈት ሊመረመር ይገባል።

ዐይነቱም የሚታወቀው ከስሙ መጨረሻ፣ ከነጥቡ በኋላ ባሉት የላቲን ፊደሎች ነው። “ኢ፣ ኤክስ፣ ኢ” የሚሉት ካሉበት ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ግን እነዚህን ፊደሎች የመሰወር ልማድ ስላለው፣ “የተማሪዎች ውጤት” ተብሎ የወረቀት ሥዕል የተለጠፈበት ፕሮግራም ብዙ ሰው ያታልላል። ሥዕሉን ሠሪው እንደ ወደደ ይለጥፈዋልና እንደ ማኅተም አይቈጠርም። ስለዚህ ፋይሎች በሚታዩበት መስኮት “ቪው” ከሚለው ሥር “ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ” የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል።

ነገሩ ለመካነ ሰላምና ለቦረና ትምህርት ቤቶች ሩቅ አይደለም። ኢንተርኔት በማይደርስበት ስፍራ ፈተናውም ውጤቱም በፍላሽ ይጓዛል፤ ፍላሹም ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ርእሰ መምህሩ ኮምፒዩተር ይዞራል። በዚህ መንገድ የሚጋባ አንድ ዐይነት ቫይረስ እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በስሙ ራሱን ያስቀምጣል። መምህሩም ፎልደር የከፈተ መስሎት ቫይረሱን ያስነሣል። ጠፋ የተባለው ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ተሰውሮ አለ፤ “ሂድን አይተምስ” የሚለውን አብርቶ መፈለግ ይገባል እንጂ ፍላሹን ፎርማት ለማድረግ መቸኰል የዓመቱን ውጤት በገዛ እጅ ማጥፋት ነው።

በጽሑፍ ስም የሚላክ ፕሮግራም የተማሩትንም ያጠምዳል። በ2006 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ በዚያን ጊዜ በውጭ አገር ይሠራ ለነበረው ለኢሳት ቴሌቪዥን ሠራተኛ በስካይፕ ጽሑፍ ተብሎ የተላከው ፋይል ሰላይ ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብም መርምሮ በየካቲት አስታወቀ።

እንግዳ ፕሮግራም ሲገኝ ሰጪውን “ይህን ያኖሩት እርስዎ ነዎትን?” ብሎ መጠየቅ፣ ቀጥሎም በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጭኖ በማይክሮሶፍት ዲፌንደር ማስመርመር ነው። ምርመራው ንጹሕ ቢለውም አዲስ ቫይረስ ሊያመልጠው ይችላልና፣ ሰጪው ያልታወቀ ፕሮግራም ቢደመሰስ ይሻላል። ቫይረስ ቶታል የተባለው የኢንተርኔት መርማሪም ይጠቅማል፤ ወደዚያ የተላከውን ፋይል ሌሎች ሊያዩት ስለሚችሉ ግን የተማሪዎች መዝገብ አይላክበትም።

ሳይታወቅ ተከፍቶ ከሆነ ኮምፒዩተሩን ከኢንተርኔት መለየት፣ ሌላ ፍላሽ አለመሰካት፣ የይለፍ ቃሎችንም ከሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር መለወጥ ነው። የውጤቱ ሁለተኛ ቅጂ አስቀድሞ ለብቻው በተቀመጠ ፍላሽ ላይ ካለ፣ ኮምፒዩተሩ እስኪጸዳ ድረስ ያ ፍላሽ ከሣጥን አይወጣም።